በጉንጩ ላይ ያደረ እጅ

ኢመር ከሰው ጋር የምትጣላው በጥያቄ ነበር። አየርላንድ ውስጥ ኪልራን ከተማ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ይህን አመሏን ያውቃል። የበግ ጮማ የሚያቀልጠውን ሰውዬ በጎቹ ክረምቱን የት እንደሚያድሩ ትጠይቀዋለች። ሳሙና የሚሸጡትን ሴትዮ ዘይቱ የዘንባባ እንደሆነ፣ የዘንባባ ከሆነም የማን ጫካ ተመንጥሮ እንደመጣ ትጠይቃቸዋለች። አንዳንዱ ይስቅባታል። አንዳንዱ ገና ስትመጣ ሲያያት ዕቃውን መጠቅለል ይጀምራል።

ፈርጋል ላቬልን ያገኘችውም እንዲሁ ስትጠይቅ ነው። ማርና ሰም ከደረደረበት ጠረጴዛ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ረጅም፣ ፀጉሩ የገለባ መልክ ያለው፣ ሹራቡ ላይ የእንጨት ብናኝ ያልራገፈ። በሥራ ቀን የወንዶች ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህር ነው። ለንቦቹ የሚተርፋቸው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።

«ሰሙን ስትቆርጥ ለክረምት የሚበሉትን ማር ትተውላቸዋለህ? ወይስ ስኳር በጥብጠህ ነው የምትሰጣቸው?»

«እተውላቸዋለሁ።»

«ምን ያህል?»

«ይበቃናል እስኪሉ።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። ካላመንሽኝ ነይና ራሳቸውን ጠይቂያቸው። ብቻ መልስ ሲሰጡሽ ፊትሽን ሸፈን አድርጊ።»

ኢመር ሳታስበው ሳቀች። ሰሙን አንሥታ አሸተተች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሣች። እሱ ያያት ነበር። ዓይኑን ቶሎ የማያነሣ ሰው ነው። በማግስቱ ንቦቹን ልትጠይቅ ሄደች።

ኢመር ወደ ኪልራን ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ኬሚስትሪ ተምራ፣ እዚያው አንድ ትልቅ የመዋቢያ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ነው የኖረችው። አንድ ቀን የዓይን ቀለሙ ውስጥ የሚገባው አብረቅራቂ ማዕድን በልጆች እጅ የተቆፈረ ሳይሆን እንደማይቀር ሰማች። አለቆቿን ጠየቀች። ፈገግ አሉላት። ደግማ ጠየቀች፤ ስብሰባ ላይ መጥራታቸውን ተዉ። ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ገባች። አክስቷ ጨርቅ ይሸጡበት በነበረው ሱቅ ጓዳ ውስጥ ምንጩን የምታውቀውን ብቻ እያቀለጠች፣ እያዋሐደች ቅባት መሥራት ጀመረች።

ስሟን ያስጠራው ግን የፊት ቅባቷ አልነበረም። ከሸንኮራ ከሚወጣ ስኳር የምታዘጋጀው፣ ቆዳን ያለ ፀሐይ የሚያጠይመው ነው። በኪልራን ሴት ልጅ እንደ ወተት ነጭ ሆና ሠርግ አትሄድም። ሰማዩ ሁልጊዜ ደመና ነው፤ ብቅ ያለች ዕለትም ፀሐይዋ ቆዳቸውን ታሳርራለች እንጂ አታጠይምም። ስለዚህ ጠይምነት ከጠርሙስ ይመጣል፤ የርካሹ ጠርሙስ ደግሞ ካሮት ያስመስላል፣ አለዚያም ያሳክካል። የኢመር ግን ልክ ከእረፍት እንደተመለሰ ሰው ያደርጋል። የት እንደተቀባ እንዲታይ ሌሎች የሚጨምሩትን ቀለም አትጨምርበትም፤ ሲቀባ እንደ ውኃ ነው፣ ምንም አይታይም። ቀለሙ ቆዳ ላይ አድሮ ጠዋት ነው ብቅ የሚለው።

ተመልሳለች ይባል እንጂ መመለሷን እሷ ራሷ እርግጠኛ አልነበረችም። ሊዮን ሳለች «አየርላንዳዊቷ» ነበረች። ኪልራን ስትገባ «ፈረንሳዊቷ» ተባለች። ዝናብ በመስኮቱ ላይ ሲንጠባጠብ ቁጭ ብላ፣ ይህ ቤቴ ነው ወይስ የምጠለልበት ነው ትላለች። ፈርጋል ይህን ያውቅ ነበር። በጸደይ አንድ ቀን ከቀፎዎቹ አጠገብ ቁጭ ብለው ሳለ፣

«ትቆያለሽ?» አላት።

«እስከ መቼ?»

«እንደ ሰው፣ እስከ እርጅና።»

«አላውቅም» አለችው። እውነቷን ነበር። እሱም ሁለተኛ አልጠየቃትም። ኢመር አለመጠየቁን መጀመሪያ እንደ ጨዋነት፣ ቆይታ ደግሞ እንደ ቸልታ ቆጠረችው።

ሰኔ ላይ የፈርጋል እኅት ዴርቭላ ልታገባ ሆነ። የሠርጉ ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ለኢመር ከኮፐንሃገን ስልክ ተደወለላት። ምን እንደተባለች ለማንም አልተናገረችም።

ሐሙስ ማታ የላቬሎች ወጥ ቤት ወለል በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ነበር። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ጥቁር ፒጃማቸውን ጠቅልለው፣ ክንዳቸውን እንደ ዳክዬ ከጎናቸው አርቀው ቆመዋል። የተቀባ ሰው እስኪደርቅ ምንም መንካት የለበትም። እናትየው ፔግ በየተራ እየዞሩ የሥጋ ሳንድዊች ያጎርሷቸዋል።

«እጄን መቼ ነው የማወርደው?» አለች ዴርቭላ።

«ሲደርቅ» አለች ኢመር ከበስተጀርባዋ ተንበርክካ።

«ሽንቴ ቢመጣስ?»

«ለሚካኤል ተሳዪ» አለቻት የአጎቷ ልጅ ኦርላ። «እኔን ባለፈው ዓመት ሰምቶኛል።»

«አፍሽን ዝጊና ብዪ» አሉ ፔግ ሳንድዊቹን እየሰጧት። ከዚያ ወደ ኢመር ዘወር አሉ። «አየሽ ልጄ፣ በኔ ጊዜ የምግብ ዘይት ተቀብተን ጣራ ላይ ነበር የምንተኛው። አባታቸውም ያለ ሸሚዝ ነበር ጀልባው ላይ የሚውለው። ፀሐይዋ አንገቱ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አወጣችበት፤ በዓመቱ ቀበርነው። ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት ፀሐይ የሚሞቅ ድመቱ ብቻ ነው።»

ፔግ ሌላ ሳንድዊች አነሡ።

«ይልቅ ቀንሽ ሲደርስ አንቺን ማን ይቀባሻል?»

«ራሴ ነኛ።»

«ጀርባሽንስ?»

ኦርላ በሳቅ ልትወድቅ ሆነ። «ለጀርባው እንኳ ሰው አላጣንም! እንጨት የሚያለሰልስ እጅ አለን እቤታችን!»

ኢመር አንገቷን ደፋች። ጓንቷን አውልቃ በባዶ ጣቷ የዴርቭላን ቁርጭምጭሚት ማለስለስ ጀመረች። ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ እነዚህ በጓንት አይሆኑም፤ ቀለሙ ይቋጠርባቸዋል። በጣት ከተሠራ በኋላ ግን እጅን ወዲያው መታጠብ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው። አቀባቡን ለምታስተምራቸው ሁሉ ከምንም በፊት የምትነግራቸው ይህንን ነበር።

ጨርሳ ስትነሣ መታጠቢያ ቤት አንዷ ሚዜ ገብታ ቆልፋለች። የወጥ ቤቱ ገንዳ በተላጠ ድንች ሞልቷል። ግቢ ካለው ቧንቧ ልትታጠብ ወጣች።

የሰኔ ምሽት ነው፤ ሊመሽ አይፈልግም። ሰማዩ ገና ወርቃማ ነበር። ፈርጋል ለሠርጉ የሚሆኑ አግዳሚ ወንበሮችን ሲያጥብ ቆይቶ ቧንቧው አጠገብ ቆሟል።

«ከማክሰኞ ጀምሮ ዓይኔን አላየሽም» አላት።

ኢመር ውሸት አትችልም። «ሥራ አግኝቻለሁ። ኮፐንሃገን።»

ፈርጋል ቧንቧውን ዘጋው። «ጥሩ ሥራ ነው?»

«ስመኘው የኖርኩት ነው። ፋብሪካው ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ምንጩ ድረስ ሄጄ የማጣራው እኔ ነኝ። እኔ ይግባ ካላልኩ አይገባም።»

«ሲጠይቁ ደመወዝ የሚከፈልበት!» አለ። «ላንቺ ብለው የፈጠሩት ነው።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ።

«ፈርጋል።»

«አትሂጂ አልልሽም። ካልኩሽ ትቀሪያለሽ። ከዚያ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እኔን ነው በክፉ ዓይን የምታዪው። እሱን አልችለውም።»

ልክ ነበር፤ ያመማትም ልክ መሆኑ ነው። አንድ ነገር እንዲል ፈለገች፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችውም። እጇን አንሥታ ጉንጩ ላይ አሳረፈችው። የመሰናበቻ እጅ ነበር። እሱ ዓይኑን ከድኖ ክብደቱን ወደ መዳፏ ጣለው። ከሩቅ አንዲት ላም ትጮኻለች።

«ልሄድ ነው» አለችው በመጨረሻ።

«ሰማሁ» አላት።

ከቤት ኦርላ ስሟን ጠራች። ኢመር ለምን እንደወጣች ረስታ፣ እጇን ሳትታጠብ ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት ሱቋን ከፍታ ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ። ፔግ ናቸው፤ እያለቀሱ ነው።

«ልጄ! ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምኑን?»

«ፈርጋል ፊት ላይ ጽፈሽ ምኑን ትይኛለሽ! ዳቦ ሊያመጣልኝ ወጥቶ ከተማው ሁሉ ዳቦ ቤት ተሰበሰበ እኮ! አምስቱም ጣትሽ! አባቱ ይህን ሳያይ፣ አይ ጌታዬ…» ድምፃቸው ተቆራረጠ። «ዛሬ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። እንኳን ወደ ቤታችን መጣሽ።»

ኢመር መዳፏን ገልብጣ አየች። ቡናማ ሆኗል። የጣቶቿ ውስጥ ሁሉ ቡናማ ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «የመሰናበቻ ነው እኮ» ልትላቸው አፏን ከፈተች፤ የፔግ ለቅሶ የደስታ ነበር፣ አልቻለችም። «አመሰግናለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ጧቱን ሙሉ በሩ አልተዘጋም። ሰው ቅባት ለመግዛት ሳይሆን እጇን ሊያይ ይገባል። ሳሙና ሻጯ ሴትዮ ሳይቀሩ መጡ። «እኔን ዘይቱ ከየት ነው ብለሽ ስታሳድጂኝ ኖረሽ፣ ዛሬ የአንቺ ዘይት የት እንደደረሰ አየነው!» ብለው እየሳቁ ወጡ።

የምሳ ሰዓት ሲሆን ፈርጋል መጣ።

ኢመር ስለ ምልክቱ ሰምታለች እንጂ ገና አላየችውም። ከጆሮው ሥር ተነሥቶ አራት ጣት ወደ ቅንድቡ ዳር ይወጣል፤ አውራ ጣቷ ከአፉ ጥግ አጠገብ ነው። ቀለሙ ያማረ ነበር። ወጥ የሆነ፣ ያልተቋጠረ፣ ሠርታ የማታውቀው ዓይነት። የራሷን እጅ በሰው ፊት ላይ ቆማ አየችው። በሄደችባቸው ከተሞች ሁሉ ይህ የኔ ቦታ ነው ብላ አታውቅም። ይህ ግን ቦታዋ ነበር። ዐይታ አወቀችው።

እሱ በር ላይ ቆሞ ፈገግ ብሏል። እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አላት።

ኢመር ፈራች። የፈራችው እሱን አልነበረም፤ አሁን ያወቀችውን ነገር ጮክ ብላ መናገርን ነው። ሰው ሲፈራ እጁ የለመደውን ይሠራል። የእሷ እጅ መደርደሪያው ላይ ሄዶ ስኳርና የሎሚ ዘይት የተዋሐደበትን ብልቃጥ አወረደ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይኼን» አለችው። «በሞቀ ውኃ ፊትህን ታጠብና በዚህ ፈትገው። ነገ ፎቶ አለ።»

ፈርጋል ብልቃጡን አየው። «ያስለቅቀዋል?»

«ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ያደበዝዘዋል።»

«እንዲለቅ ትፈልጊያለሽ?»

«አንተ እንዳታፍር ብዬ ነው።»

«እኔ አላፈርኩም» አለ ቀስ ብሎ። «ትምህርት ቤት እንኳ እንዲሁ ነው የገባሁት።»

ኢመር ጠረጴዛው ላይ የሌለ አቧራ ጠረገች። እሱ ብልቃጡን አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

«ምን ልትነግረኝ ነበር?» አለችው በሩን ሲከፍት።

«ተዪው። የዳቦ ነገር ነው።»

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኢመር ከኋላ ተቀምጣ ከሙሽራዋ በፊት የእሱን ጉንጭ ፈለገች። ጣቶቿ የሉም። ጉንጩ ተፈትጎ ተፈትጎ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቷል። ማንም ሰው እንዲህ የሚፈትገው ነገሩ እንዲጠፋ አጥብቆ ከፈለገ ነው ብላ አሰበች። እሱም እንዲጠፋ የፈለገችው እሷ ናት ብሎ ነበር። ሁለቱም ይህን አልተነጋገሩም።

ዴርቭላ በነጭ ቀሚሷ ከረጅም በጋ የተመለሰች ትመስላለች። ፎቶ አንሺው ሳይቀር የትኛው ባሕር ዳር ሄዳ እንደነበር ጠየቃት። ግብዣው ላይ እንግዶች ፈርጋልን ይጎነትሉታል። «እጁ የታለ? የት ጣልከው?» ይሉታል። «ቀለም ነው፣ ለቀቀ» ይላቸዋል። ፔግ ከማዶ ጠረጴዛ ኢመርን አንዴ አይተዋት አቀረቀሩ። ያን ዕለት «ልጄ» ሳይሏት ዋሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ አብረው ደነሱ፤ ኦርላ ገፍታ ነው ያገናኘቻቸው። እጁ ወገቧ ላይ እንደ እንግዳ ሰው እጅ ቀሎ ተቀመጠ።

«ጉንጭህን ያምሃል?»

«አይ።»

ትንሽ ዞሩ።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ሰኞ ሳምንት።»

አሁን ቅሪ ካለኝ እቀራለሁ ብላ ለራሷ ማለች። እሱ ከትከሻዋ በላይ ሩቅ አየ። ዘፈኑ አለቀ። ፈርጋል እጇን እንደ መጨበጥ አድርጎ ለቀቃት።

ኮፐንሃገን ጥሩ ከተማ ነው። ኢመር ሥራዋን ወደደችው፤ ተከበረችም። ከሺያ ዛፍ ፍሬ ቅቤ ከሚያወጡ ሴቶች ጋር ጋና ድረስ ሄዳ ቁጭ ብላ ትጠይቃለች፤ ወፍጮው የማነው፣ ትርፉ ማን ጋ ይገባል ትላለች። መልሱ ካልጣማት ቅቤው እንዲገባ አትፈቅድም። አለቆቿ ይሰሟታል። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ዝናብም ባይኖር መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። እዚህም «አየርላንዳዊቷ» ናት።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ ዴርቭላ ደወለች። ልጅ መውለዷን፣ የእናቷን ጉልበት፣ የኦርላን አዲስ ጓደኛ ስታወራ ቆይታ ድምፅዋ ዝግ አለ።

«ፈርጋል ሊያገባ ነው።»

«ጥሩ ነዋ» አለች ኢመር። ከአፏ የወጣው ፈጥኖ ነው።

«ስላይጎ ከተማ የምታስተምር ልጅ ናት። ደግ ናት። ትወጃት ነበር።»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ኢመር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን አብሮሽ እንዳይመጣ አደረግሽው?»

«የት?»

«ኮፐንሃገን ነዋ!»

«አብሬሽ ልምጣ ብሎኝ አያውቅም።»

ሕፃኑ ከበስተኋላ ይነጫነጫል።

«ዓርብ ዕለት ነግሮሽ የለ? እዚያ ሱቅሽ መጥቶ? ጠዋት ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ ያለ ደመወዝ የአንድ ዓመት ፈቃድ ጠየቀ እኮ። ፊቱ ላይ ያንን ጣት ይዞ! ሰውዬው በሳቅ ሞቶ፣ ‹እንዲህ ታትመህ መጥተህማ አልከለክልህም› ብሎ እዚያው ነው የፈረመለት። ንቦቹንም ለጎረቤት ለመስጠት ተስማምቶ ነበር። ማታ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆለፈና ሲወጣ ጉንጩ ደም መስሏል። ምን ሆንክ ስለው ‹አልፈለገችውም› አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም። እኛ የፈቃዱን ነገር ሰምተሽ እምቢ ያልሽው መስሎን ነበር።»

ኢመር ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፣ መለሰችው። ወፍጮው የማነው፣ ጫካው የማነው፣ ልጆቹ የማን ናቸው፤ ሁሉን ጠይቃለች። «ትመጣለህ?» የምትለዋን አንዲት ቃል ግን ሱቋ ውስጥም፣ ያ ቧንቧ አጠገብም ሆና አልጠየቀችም። ያለው ምርጫ እሷ መቅረቷ ወይም መሄዷ ብቻ ይመስላት ነበር።

«አለሽ?» አለች ዴርቭላ።

«አለሁ።»

«እማዬ ናት ደውይላት ያለችኝ። እሷ ፈርታ ነው እንጂ… ሙሽራዋ ቆዳዋ ክፉ ነው። የሱቁን ቅባት ሞክራ ክንዷ ሁሉ ሽፍ አለ። እማዬ ደግሞ ከአንቺ ሌላ የማንንም ጠርሙስ ቤቷ አታስገባም። ካስቸገረሽ ተዪው፣ እኔ ራሴ አፍሬ ነው የደወልኩት…»

«ምን ዓይነት ነው ቆዳዋ?»

«እንዳንቺው ነው። ወተት ነው፤ ጠቃጠቆ አለው።»

«እልክላታለሁ» አለች ኢመር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የምትሠራበት ቤተ ሙከራ ባዶ ነበር። ስኳሩን ራሷ መረጠች፣ የሚያሳክክ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አወጣች፣ መዓዛ የሚባል አልጨመረችም። ስትጨርስ የሚሞከርበት ቆዳ አስፈለገ። እንዲህ ያለ ቆዳ ያለው ሰው ከራሷ በቀር አላወቀችም። እጅጌዋን ጠቅልላ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ቀባችው፤ እጇን በደንብ ታጠበች፣ እስኪደርቅ ቆመች፣ ቤቷ ሄዳ ተኛች።

ጠዋት ቀለሙ ወጥቶ ነበር። አላሳከከም። አልተቋጠረም። ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ፣ ለሙሽራ የሚሆን ጠይም ነው። ጠርሙሱን ሞልታ ላከችው።

የተቀባው ከቆዳ እስኪለቅ ሳምንት ይፈጃል። ያንን ሳምንት ኢመር ሥራ ገባች፣ ስብሰባ ተቀመጠች፣ እንደ ወትሮዋ ጠየቀች። በየማታው ልብሷን ስታወልቅ የፈርጋል ሙሽራ ቀለም ክንዷ ላይ ነበር። ፈትጋ ልታስለቅቀው ትችል ነበር፤ አልፈተገችውም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ራሱ ጊዜውን ጠብቆ እንዲለቃት ተወችው።